የፎልክሪዝ ደን እና የእኛ ወፍ ዋሻ፦ የጫካ አገር ታሪክ ከምን ይጀምራል?

ጥያቄ፦ የበረሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ስካይሪም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲወጣ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ፤ ያገኘሁትም ከዘመድ በተረፈ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ሰው ሁሉ ተጫውቶ ከጠገበው በኋላ ነው። ስለዚህ የማነሣው ነገር ለብዙዎቻችሁ የቆየ ወሬ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በዚያ ጨዋታ ምድር ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ ፎልክሪዝ የሚባል ግዛት አለ። በስተ ደቡብ ሲሮዲል፣ በስተ ምዕራብ ሐመርፌል ከሚባሉ የጨዋታው ጎረቤት አገሮች ጋር ይዋሰናል። ከዘጠኙ ግዛቶች አብዛኞቹ በረዶ፣ ሜዳ ወይም ረግረግ ሲሆኑ ይህኛው ጥቅጥቅ ያለ የደን አገር ነው፤ ጭጋግና ዝናብ የሚበዛበት፣ መንገዱም በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚያልፍ። ወደ ከተማዪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁ ዕለት የተቀበለኝ ገበያ ወይም የገዥ አዳራሽ ሳይሆን ቀብር ነበር። ልጃቸውን ያጡ ባልና ሚስት፣ አንድ ሽማግሌ ካህን፣ ከበስተኋላቸው ዝም ያለ ጫካ። እጄን ከማውሱ ላይ አንሥቼ ሥርዓቱ እስኪያልቅ መጠበቄን አስታውሳለሁ፤ ለቀስተኛ ቆሞ እያለ ዝም ብሎ አልፎ መሄድ እኛ ዘንድ ነውር ነውና፣ በጨዋታም ቢሆን እግሬ እሺ አላለኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ብዙ ጨዋታዎች ውስጥ ደን ማለት የተረት ፍጡራን ቤት፣ የአበባና የወፍ አገር ነው፤ ፎልክሪዝ ግን የሙታን አገር ነው። ይህ በታሪኩ ውስጥ የታሰበ ነገር ነው ወይስ የአጋጣሚ? እንግዳው የሆንኩት እኔስ ለምንድን ነው ቦታውን የማውቀው የመሰለኝ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ የተወለደ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በሰሜን ሸዋ ባለው በወፍ ዋሻ ደን አምሳል አንዲት ትንሽ የጨዋታ ግዛት ለመሥራት ተነሥተናል። ካርታው በወረቀት ላይ አለ፣ ጥቂት ዛፎችም ተሠርተዋል፤ ታሪክ ግን የላትም። አንደኛው ጓደኛዬ «ዘንዶና የሁለት ነገሥታት ጦርነት እንጨምርባትና ታሪክ ይሆናል» ይላል። እኔ ደግሞ ዘንዶው መጥቶ ቢሄድ ጫካው እንደ ነበረ የሚቀር፣ ጦርነቱም ሜዳ ላይ ቢደረግ ምንም የማይጎድለው መስሎ ይታየኛል። ከጫካው ራሱ የሚበቅል ታሪክ ከምን ይጀምራል? የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከወዲሁ ይድረሳችሁ።

መልስ፦ አንኮበሬው

ወንድሜ፣ ቀብሩ ላይ ቆመህ በመጠበቅህ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ግን የሽማግሌውን ቦርሳ ልሰርቅ ስሞክር በዘበኛ ተይዤ ነበር የወጣሁት።

የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ «በሚገባ የታሰበ ነው» የሚል ነው። የከተማዪቱን ስሞች ብቻ ተመልከት። መሸታ ቤቷ «የሙት ሰው መጠጥ» ትባላለች፤ መድኃኒት መሸጫው ስሙን ያገኘው ከመቃብር ነው፤ የሟቿ ልጅ ወላጆች እርሻ እንኳ «የሬሳ ብርሃን» ነው የሚባለው። ነዋሪዎቹ ይህን እንደ ሟርት አይቆጥሩትም፤ እንዲያውም ይኮሩበታል። ከብዙ ዘመን ጀምሮ በጦር ሜዳ የወደቁ ስመ ጥር ጀግኖች አጽም ያረፈው እኛ ዘንድ ነው ይላሉ፤ መቃብሩም ከከተማዪቱ ስፋት አንጻር ሲታይ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው። በመቃብሮቹ መካከል የሚበቅለው ሐምራዊ አበባ ያለው መርዛማ ቅጠል ሳይቀር ለመድኃኒት ቀማሚዎች የሚለቀም ሀብት ነው። የሞት አምላክ የሚሉት የአርኬይ ካህን ሩኒል በወጣትነቱ በጨዋታው ታሪክ «ታላቁ ጦርነት» በሚባለው በአስማት የተዋጋ፣ አሁን ያን ዘመን ማስታወስ የሚያስጨንቀው ሽማግሌ ነው፤ ብዙ የገደለ ሰው በእርጅናው የሰው ቀባሪ ሆኖ መቀመጡ ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥበት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

አሁን ደግሞ በደኑ ውስጥ የሚያጋጥሙህን ታሪኮች አንድ በአንድ አስባቸው። ልጅቷን የገደለው ሲንዲንግ የአደን ጌታ የሆነው የሂርሲን ቀለበት ተጠናውቶት ወደ አውሬነት የሚለወጥ ምስኪን ነው። ከግዛቱ ገዥነት የወረደው ዴንጌር፣ ወንበሩን ለዘመዱ ለሲድጌር ያስረከበው በፖለቲካ ተገፍቶ ነው፤ ሽማግሌው አንተን አምኖ የሚልክህ ግን ወንበሩን እንድታስመልስለት ሳይሆን፣ ደም መጣጭ ሆኖ ከመቃብር የተነሣ የገዛ ቅድመ አያቱን እንድታሳርፍለት ነው። በኢሊናልታ ሐይቅ ውስጥ ግማሽ አካሉ የሰጠመ ምሽግ አለ፤ እዚያ ደግሞ ሙታንን የሚቀሰቅሱ ጠንቋዮች ከትመዋል። ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ ባለው ጥቁር በር ላይ «የሕይወት ሙዚቃ ምንድን ነው?» የሚል ድምፅ ይጠይቅሃል፤ በሩን የሚከፍተው መልስ ዝምታ ነው። ጨዋታው ራሱ የሚጀምርባት ሄልገንም በዚሁ ግዛት ውስጥ ናት፤ ተጫዋቹ ዓይኑን የሚገልጠው አንገቱ ሊቆረጥ በሚወሰድበት ጋሪ ላይ መሆኑን አትርሳ። ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፦ በሥርዓት ያረፈ ማን ነው፣ ያላረፈስ ማን ነው? ዘንዶው እንኳ መንደር አቃጥሎ ይሄዳል እንጂ ይህን ጥያቄ አይለውጠውም። ስለዚህ ለጓደኛህ ያነሣኸው ተቃውሞ ትክክል ነው።

ቦታውን የምታውቀው የመሰለህ ለምን እንደሆነ ግን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠህ ብታየው ይገባህ ነበር። ሜዳው ገብስና ስንዴ ነው፣ የመንደሩ ዙሪያ ባህር ዛፍ ነው። ከሩቅ ጠቆር ብሎ፣ ክብ ሠርቶ የቆመ የጥድና የወይራ ጥሻ ካየህ ግን ሳትጠይቅ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ታውቃለህ። ከዛፎቹ ሥር ደግሞ የአገሩ ሰው አያት ቅድመ አያቱን ቀብሯል። ለእኛ ጥንታዊ ደንና መቃብር ሁለት ነገሮች አይደሉም። የጨዋታው ሠሪዎች በየትኛው መንገድ እዚያ እንደ ደረሱ እነርሱ ያውቃሉ፤ የደረሱበት ቦታ ግን ለአንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ደጀ ሰላም የሳምክበት ነው። ምክሬም ይኸው ነው፤ ግዛትህን «እዚህ ማን ተቀብሯል? ቀባሪውስ ማን ነው?» ከሚለው ጀምራት።

መልስ፦ ገሳ ለባሽ (መንዝ)

አንኮበሬው የዘረዘሩት ሁሉ እውነት ነው፤ መደምደሚያቸው ግን አልተዋጠልኝም።

በእኛ አገር ሙታን ዛፉን ይጠብቁታል። የደብር ጥድ የማይቆረጠው ከሥሩ አጽም ስላለ፣ ከላዩም ታቦት ስላለ ነው። በፎልክሪዝ ግን ሙታኑ ለዛፉ ምንም አያደርጉለትም። በሐይቁ ዳር የእንጨት መሰንጠቂያ አለ፤ ግንዱ ይገባል፣ ጣውላው ይወጣል፣ «ከየት ቆረጥከው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ተጫዋቹ 5,000 ወርቅ ከፍሎ ከሐይቁ በላይ ያለውን ውብ መሬት ይገዛና ቤት ይሠራበታል። እኔም ሠርቻለሁ፤ በረንዳው ላይ ቆሜ ሐይቁን ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን የደኑ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ግንዱን በማን ፈቃድ እንደ ወሰድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። መቃብሩ የከተማዪቱ ኩራት ነው እንጂ የደኑ ሕግ አይደለም። ሕግ የሌለው ደን ደግሞ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከበስተጀርባ የተሰቀለ መጋረጃ ነው።

ስለ ሕግ ካነሣን የእኔን አገር ልጥቀስ። የመንዝ ጓሳ ጫካ ሳይሆን የሣርና የቁጥቋጦ ደጋ ነው፤ ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም ጫካ በላይ ያስተምራል። አገሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ በፈረስ ግልቢያ ወሰን ተካፍለው ጓሳውን ለከብት ግጦሽና ለሣር አጨዳ ለይተው እንዳስቀመጡት ይነገራል። ከዚያ ጀምሮ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ይተዳደር ነበር። ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ መድረሱን የሚያዩ፣ የሚጠብቁ፣ የሚከፈትበትን ቀን የሚያስታውቁ የተመረጡ ሰዎች አሉ፤ ከተከፈተ በኋላም የሚያጭደውና የሚያሰማራው ባለ ድርሻው ብቻ ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እኔ ስሜን የተዋስኩት ገሳም ከእርሱ ይሠራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ እዚያ የተረፉት ማንም አዝኖላቸው ሳይሆን የሚኖሩበት ሣር ባለቤት ስለነበረው ነው።

በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር ቀሮም አብሮ ወደቀ፤ ጓሳውም የማንም ሆነ፣ የማንም የሆነ ነገር ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። በኋላ ላይ ኅብረተሰቡ ራሱ እንደገና ተሰባስቦ በሌላ ስምና ደንብ ጥበቃውን መለሰው። አሁን ይህን እንደ ጨዋታ ታሪክ ተመልከቱት። ሕግ የደነገጉ አባቶች፣ ሕጉ የወደቀበት ዘመን፣ ሕጉን ያስታወሱ ልጆች። በመካከል ደግሞ በክፉ ዓመት ከብቱ ሊሞትበት ሲል በሌሊት ወሰን የጣሰ ሰው ይኖራል፤ እርሱን የያዘው ጠባቂም አማቹ ነው እንበል። ዘንዶ ምን ያደርጋል?

በነገራችን ላይ የስካይሪም ምድር በሙሉ፣ ከነተራራው ከነከተማው፣ ሲለካ ወደ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ጓሳ ብቻውን ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የበረሳ ልጅ ሆይ፣ ካርታህ በጣም ትንሽ ነው ብለህ አትፍራ፤ ይልቅስ ትንሽም ቢሆን በሕግ ሙላው።

መልስ፦ ጭጋግ ወለድ (ጣርማ በር)

ሁለቱ ወንድሞች ስለ ታሪክ ጥሩ ተከራክረዋል፤ እኔ የምሠራው በኮምፒውተር የሕንፃና የመልክዓ ምድር ቅርጽ ማዘጋጀት ስለሆነ ስለ መልኩ ጥቂት ልበል። አስቀድሜ ግን አንድ እርማት፦ «የፎልክሪዝ ጥድ» እያልን የምንጠራው ዛፍ የእኛ ጥድ አይደለም። የእነርሱ ረጃጅም መርፌ ቅጠል ያለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ሲጎለምስ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ቅርንጫፉ ላይ ይለጠፋል፤ ግንዱ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ሲያረጅም ከላዩ የሽበት ጢም የመሰለ ነገር ይንጠለጠልበታል። በየግቢው የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ጓደኞችህ የሠሯቸው ዛፎች ከኢንተርኔት የወረዱ ከሆኑ ወፍ ዋሻ ብላችሁ የአውሮፓ ጫካ እንዳታቀርቡልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፎልክሪዝ ለምን ሰፊ መስሎ ይሰማናል? ግዛቱ ከደቡቡ ተራራ ጀምሮ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ከፊትህ ያለውን እንጂ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አታይም። በሩቅ የምታያቸው ዛፎች ደግሞ እውነተኛ ቅርጽ ያላቸው አይደሉም፤ ማሽኑ እንዳይጨናነቅ ጠፍጣፋ ሥዕል ሆነው ይቆሙና ስትቀርብ በሙሉው ዛፍ ይተካሉ። ጭጋጉ ይህን ቅያሪ ይሸፍናል። እንግዲህ ለሠሪው ጭጋግ ማለት ቁጠባ ነው።

ለእኛ ግን ጭጋግ ምክንያት አለው፣ የታሪካችሁም መጀመሪያ ከዚያ ቢመጣ እመርጣለሁ። ጣርማ በር ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ብትመለከት መሬቱ ከእግርህ ሥር ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከቆላው የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን እየታከከ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ጭጋግ ተለውጦም ጫካው ላይ ይተኛል። ወፍ ዋሻ ያለው በዚሁ ገደል ላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ደን እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሳይሆን እንደ መሰላል የቆመ ነው። ከታች ወይራና ዝግባ ታገኛለህ፤ ዝግባው ቀጥ ብሎ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ይመስላል። ከፍ ስትል ጥዱ ይነግሣል። ከዚያም ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠለው፣ ሴቴው ቀይ አበባ የምታወርደው፣ አያቶቻችን ለትል የጠጡት ኮሶ ይመጣል። ከእርሱ በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ በነፋስ መካከል ብቻውን የቆመው ጅብራ። ከጫፍ ያለው ገደል ደግሞ የጭላዳ ማደሪያ ነው፤ ቀን ሣር ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ጅብና ነብር ወደማይደርስበት ቋጥኝ ይወርዳል። ተጫዋቹ በአንድ ቀን ጉዞ ከላብ ወደ ውርጭ ቢሸጋገር፣ ቁመቱም ስንት እንደሆነ በቁጥር ሳይሆን በዛፉ ቢያውቀው ከካርታ የሚበልጥ መሪ ይሆነዋል። እዚያ ያደገ እረኛ «ኮሶው ጋ ጠብቀኝ» ሲል ከፍታውን ነገረህ ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ማንም ለምን እንዳልተጠቀመበት ይገርመኛል። የተራራው ጫፍ የውኃ መለያያ ነው። በዚህ በኩል የወደቀ ጠብታ በበረሳ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዐባይ ይገባና ሜድትራንያን ባሕር ይደርሳል። አንድ ክንድ ወደዚያ ብሎ የወደቀው ግን ገደሉን ወርዶ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድረ በዳ ውስጥ ባለ ሐይቅ ያበቃል። በፎልክሪዝም ከኢሊናልታ ሐይቅ የሚነሣው ነጭ ወንዝ ግማሹን አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ እርሱ ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው። በአንድ ጣሪያ ላይ የወደቁ ሁለት ወንድማማች ጠብታዎች አንዱ ባሕር ሲገባ ሌላው አሸዋ ውስጥ የሚቀርበት አገር ያለን እኛ ነን። የሁለት ነገሥታትን ጦርነት የሚፈልገው ጓደኛህም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የወሰን ጠብ ከየት ያመጣል?

አንድ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የጫካውን ዳር በባህር ዛፍ ከበቡት። ያልወደደው ሰው ቢኖርም እውነቱ ይኸው ነው፤ ወደ አሮጌው ደን የሚገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያልፈው ረድፍ ይዞ በተተከለ፣ ሥሩ ሣር በማያበቅል፣ ተረት ገና ባልተነገረለት ዛፍ መካከል ነው። ከዚያ ወጥቶ ጥዱ ሥር ሲገባ ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

ጠያቂው፦ የበረሳ ልጅ

እጅግ አመሰግናለሁ። ዛፎቹ ከኢንተርኔት የወረዱ መሆናቸውን ጭጋግ ወለድ እንዴት እንዳወቁብኝ እንጃ፤ ዛሬውኑ እናስወግዳቸዋለን። ስለ ውኃው መለያያ የጻፉትን ለጓደኞቼ አንብቤላቸው ዘንዶው በአብላጫ ድምፅ ተሰርዟል።

አንድ ነገር ግን አከራክሮናል። በስካይሪም ደኖች ውስጥ ከዛፍ ግንድ ተላቀው የሚወጡ፣ ሴት የሚመስሉ፣ አራዊትን ጠርተው የሚዋጉ ስፕሪጋን የሚባሉ የዛፍ ጠባቂዎች አሉ። እኛም የዛፍ መንፈስ እናስገባ ወይስ እንተው? አንደኛዋ ጓደኛዬ «የአድባርን ነገር ብናነሣ ሃይማኖታችንን መንካት ይሆናል» ብላ ፈርታለች።

መልስ፦ ጡረተኛዋ መምህርት (ሸዋ ሮቢት)

ልጄ፣ እኔ ጨዋታውን አልጫወትም፤ የልጅ ልጄ ሲጫወት ከጎኑ ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ። ስለዚህ የማውቀው እርሱ ያሳየኝን ያህል ብቻ ነው። አማርኛ ያስተማርኩ ስለሆንኩ ግን ከቃሉ ልጀምር።

አድባር በግእዝ የደብር ብዙ ቁጥር ነው። ደብር ተራራ ነው፣ ደብር ቤተ ክርስቲያንም ነው፤ አድባር ደግሞ ተራሮች፣ ደብሮች። በአማርኛ ሕዝቡ ቃሉን ወስዶ ለሌላ ነገር ሰጠው፤ ትልቅ ዋርካ ወይም ሾላ፣ ሥሩ ቅቤ የሚቀባ፣ ቄጠማ የሚጎዘጎዝለት፣ ቡና የሚፈላለት ዛፍ አድባር ተባለ። ካህናቱ ይህን ሲገሥጹ ኖረዋል፤ ሕዝቡም ተግሣጹን እየሰማ፣ እሑድ ቅዳሴ እያስቀደሰ፣ የሚያደርገውን ሲያደርግ ኖሯል። መካሪ ሽማግሌ ሲሞትም «የአገር አድባር ወደቀ» ብለን እናለቅሳለን፤ ያን ስንል ማንም ጣዖት አመለካችሁ አይለንም። ጓደኛህ መፍራቷ ጨዋነቷ ነው። ነገር ግን መፍትሔው ነገሩን መደበቅ አይመስለኝም፤ ካህኑም፣ ቅቤ ቀቢዋ ባልቴትም በአንድ መንደር ይኑሩ፣ ይከራከሩ፣ በክርስትና ዕለትም በአንድ ማዕድ ይቀመጡ።

የልጅ ልጄ ካሳየኝ ሁሉ የነካኝ የሁለቱ ዛፎች ታሪክ ነው። ዋይትረን በምትባል ከተማ ጊልደርግሪን የሚሉት ዛፍ መብረቅ መትቶት ደርቋል፤ ዳኒካ የምትባል ካህን ተጫዋቹን ትልከዋለች፣ ከእናትየዋ ዛፍ ከኤልደርግሊም ጭማቂ አምጥቶ እንዲያድንላት። የእናትየዋን ሥር የሚቆርጠው ግን ለክፋት የተሠራ አንድ ቢላዋ ብቻ ነው፤ ሲቆረጥም ስፕሪጋኖቹ ይነሣሉ። አብሮ የሄደው ምእመን «አትቁረጣት» ብሎ ይለምናል፤ ተጫዋቹ ከሰማው ሰውየው ተንበርክኮ ይጸልይና ዛፏ ራሷ ችግኝ ትሰጣለች። የልጅ ልጄ ቆረጠ። እኔ «ምነው?» ስለው «ይፈጥናል» አለኝ። ለካህኗ የደረቀውን ዛፍ ያለመለመላት እርሱ ነው፤ እኔ ግን ማታውን ሙሉ የተቆረጠችዋን ነበር የማስባት።

እንግዲህ የዛፍ መንፈስ ብታስገባ አታናግረው፣ አታዋጋውም። በእኛ አገር ዛፍ አይናገርም፤ ሥሩ የተቀመጠ ሰው ነው የሚናገረው። እኔ ልጅ ሳለሁ በመንደራችን ዋርካ ሥር ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ አይቻለሁ፤ ዛፉ ያደረገው ነገር ቢኖር ጥላ መስጠት ነው።

አንኮበሬው በመቃብር ጀምር ብሏል፣ ገሳ ለባሹ በሕግ፣ ጭጋግ ወለድ በውኃ። እኔ ሦስቱም ያሉበትን አንድ ትንሽ ነገር ልስጥህ። የደብር ጥድ ቅርንጫፍ ነፋስ ቢጥለው እንኳ ማንም ለምድጃው አይወስደውም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ እስኪፈለግ እዚያው ይቆያል። ግዛትህ በጥቅምት ሌሊት ትጀምር። ውርጭ ነው። ባሏን በዚያው ግቢ የቀበረች ሴት ሕፃን ታቅፋ በመቃብሮቹ መካከል ታልፋለች፣ ቤቷ ማገዶ የለም፣ ከእግሯ ሥር የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ አለ። ተጫዋቹ እርሷን ሆኖ ይጫወት። ጧት ቄሰ ገበዙ መጥቶ ቦታውን ባዶ ቢያገኘው ጠል ያልነካው የቅርንጫፉን ቅርጽ መሬቱ ላይ ያየዋል።